ተራውን የጠበቀ ሙዚቀኛ፤ ጆርጅ ሐሪሰን ከቢትልስ በኋላ

ስሙ ከገነነ ማኅበር ተለይቶ ለብቻው የቆመ ሰው፥ ሥራው በራሱ ሚዛን ሲመዘንለት ብዙ ጊዜ አይታይም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ያን ጊዜ ከሠራው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ ነው። ጥያቄው በጨዋታ ሜዳም፥ በመሥሪያ ቤትም፥ በትምህርት ቤትም ይሰማል። ከሁሉ ይልቅ ግን የበረታባቸው ሰዎች ቢኖሩ አራቱ የቢትልስ ልጆች ናቸው።

ከእንግሊዝ አገር ከሊቨርፑል ከተማ የተነሡት ጆን ሌነን፥ ፖል ማካርትኒ፥ ጆርጅ ሐሪሰንና ሪንጎ ስታር ዓለምን በዘፈናቸው ካጥለቀለቁ በኋላ በ1970 ዓ. ም. ተለያዩ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ እያንዳንዳቸው የሠሩት ሥራ ከጥንቱ ጋር እየተነጻጸረ ኖረ። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ከሁለቱ ታላላቅ ደራስያን ጀርባ ቆሞ ስለ ኖረው ስለ ጆርጅ ሐሪሰን ነው።

እሱን የመረጥሁበት ምክንያት ከአራቱ ሁሉ ስለ በለጠ አይደለም። ሐሪሰን ከቢትልስ በኋላ የሠራው ሥራ፥ ተራን መጠበቅ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጎድል፥ ተራም ከደረሰ በኋላ ነጻነት ለምን ሊውል እንደሚገባ በግልጥ የሚያሳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ከትምህርት ቤት ወጥተን በትልልቅ ጠረጴዛዎች ጥግ ላይ ለተቀመጥን ወጣቶች ይህ ነገር ባዕድ አይሆንብንም።

አንድ ወይም ሁለት ዘፈን

ሐሪሰን በ1943 ዓ. ም. በሊቨርፑል ሲወለድ አባቱ የከተማ አውቶቡስ ሠራተኛ ነበር። ከማካርትኒ ጋር የተዋወቁት በትምህርት ቤት ልጅነታቸው ነው። በ1958 ዓ. ም. ከሌነን ጋር ሲቀላቀልም ገና ልጅ እግር ነበረ፤ ከአራቱ በዕድሜ ታናሹ እሱ ነውና። ይህ ታናሽነት የዕድሜ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በሥራም ተከተለው። ሌነንና ማካርትኒ አብረው ይደርሱ ስለ ነበር፥ አንድ አልበም አሥራ አራት ያህል ዘፈን ቢይዝ የሐሪሰን ድርሻ አንድ ወይም ሁለት ነበር። በ1966 ዓ. ም. በወጣው «ሪቮልቨር» ላይ ሦስት ዘፈን ሲያገኝ እንደ ትልቅ ነገር ተቈጠረለት። በ1968 ዓ. ም. በወጣው ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ውስጥ ደግሞ ከሠላሳው ዘፈን አራቱ ብቻ የሱ ነበሩ።

ይህን ሁሉ በደል ብቻ አድርጎ መቍጠር ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ሐሪሰን የመጀመሪያውን ዘፈን በሸክላ ያስቀረጸው በ1963 ዓ. ም. ነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱ ጓደኞቹ በድርሰት ሥራ ብዙ ርቀው ሄደው ነበር፤ እሱ ገና መማሩ ነበር። ችግሩ የመጣው ተማሪው ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ወንበሩ ባለመለወጡ ነው። በ1969 ዓ. ም. በወጣው «አቤይ ሮድ» ላይ ያሉት ሁለቱ የሐሪሰን ዘፈኖች፥ «ሳምቲንግ» እና «ሂር ካምስ ዘ ሰን»፥ ከማንኛውም የቢትልስ ዘፈን ጐን ሊቆሙ የሚችሉ ናቸው። ታላቁ አሜሪካዊ ዘፋኝ ፍራንክ ሲናትራ «ሳምቲንግ»ን በአምሳ ዓመት ውስጥ ከተደረሱት የፍቅር ዘፈኖች ሁሉ አስበልጦ አሞግሶታል። የሚያሳዝነው ነገር፥ ይኸው ሲናትራ ዘፈኑን በመድረክ ላይ የሌነንና የማካርትኒ ድርሰት ነው ብሎ ያስተዋወቀበት ጊዜ መኖሩ ነው። የሌሎች ስም ጥላው ይህን ያህል ሰፊ ነበር።

ሁለተኛው ዘፈን የተደረሰበት ሁኔታ ለቢሮ ሰዎች ሳያስቅ አይቀርም። በ1969 ዓ. ም. የጸደይ ወራት ሐሪሰን በቢትልስ ኩባንያ ስብሰባና ፊርማ ተሰላችቶ ነበር። አንድ ቀን ከስብሰባ ቀርቶ ወደ ወዳጁ ወደ ኤሪክ ክላፕተን ቤት ሄደ፤ በአትክልቱ ስፍራ በፀሐይ እየተንሸራሸረ በተዋሰው ጊታር ዜማውን አወጣው። ከስብሰባ የቀረ ሠራተኛ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰበብ ይዞ ቢመጣ የሚቈጣ አለቃ የሚገኝ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት በጥር ወር አራቱ ለአዲስ ሥራ ተሰብስበው በካሜራ ፊት ሲለማመዱ ሐሪሰን «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ» የሚል አዲስ ዘፈን ይዞ ቀረበ። ትርጉሙ በእኛ አነጋገር «ሁሉም ያልፋል» እንደ ማለት ነው። ጓደኞቹ ደጋግመው ሞከሩት፤ በመጨረሻ ግን ሳይቀረጽ ታለፈ። ጥር 10 ቀን ሐሪሰን ልምምዱን ጥሎ ወጣ። ወደ ቤቱ በገባበት በዚያው ቀንም «ዋ ዋ» የተባለውን የምሬት ዘፈን ደረሰ። ከአሥር ቀን በላይ ቆይቶ ታርቆ ሲመለስ ቢሊ ፕሬስተን የተባለውን ባለ ኦርጋን ወደ ልምምዱ ጋበዘ፤ እንግዳ ባለበት ቤት ጠብ ይበርዳልና ሥራው እንደገና ሰመረ። ይህችን ነገር አንባቢ ልብ እንዲላት እለምናለሁ። ቤቱ ሲጠብብ ሌላ ሰው ወደ ውስጥ መጥራት የሐሪሰን ጠባይ ነበር፤ ኋላም በራሱ ሥራ ደጋግመን የምናገኘው ይህንኑ ነው።

ጎተራው ሲከፈት

በ1970 ዓ. ም. ቢትልስ ሲፈርስ ሰው ሁሉ ዐይኑን የጣለው በሌነንና በማካርትኒ ላይ ነበር። ሐሪሰን ግን ለዓመታት ያከማቸውን ይዞ ከግንቦት ወር ጀምሮ ወደ ቀረጻ ክፍል ገባ። በኅዳር መጨረሻ የወጣው አልበም ስሙ ያው ታልፎ የነበረው ዘፈን ስም ሆነ፤ «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ»። ሸክላው አንድም ሁለትም አልነበረም፤ ሦስት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሸክላዎች ላይ ብቻ አሥራ ስምንት ሥራዎች ተቀርጸዋል። በአሜሪካ ሰባት ሳምንት በአንደኛነት ቆየ። «ማይ ስዊት ሎርድ» የተባለው ዘፈንም በአሜሪካና በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ፤ ከቢትልስ አባሎች ለብቻው ሆኖ ይህን ደረጃ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሐሪሰን ነው።

የአልበሙን ሽፋን ያየ ሰው ሐሪሰን ቦት ጫማውን ተጫምቶ በሣር ላይ በበርጩማ ተቀምጦ፥ በዙሪያው አራት የአትክልት ስፍራ አሻንጉሊቶች ተጋድመው ያገኛል። አራቱ አሻንጉሊቶች አራቱን ቢትልስ ያመለክታሉ ብለው የተረጎሙ ብዙዎች ናቸው። ትርጉሙ ያም ሆነ ሌላ፥ ተቀማጩ ሰው የድል አድራጊ ፊት አይታይበትም። ዘፈኖቹም እንደዚሁ ናቸው። «ራን ኦፍ ዘ ሚል» ስለ ወዳጅነት መፍረስ ይናገራል፤ ነገር ግን ጣት ቀስሮ አይከስም። ሰባት ደቂቃ ያህል የሚወስደው «ኢዝንት ኢት ኤ ፒቲ» ሰዎች እርስ በርስ ስለሚያሳዝኑበት ነገር ያወሳል፤ ራሱንም ከአሳዛኞቹ መካከል ይቈጥራል። የአልበሙ ስም መጠሪያ የሆነው ዘፈን ደግሞ፥ ማለዳም ደመናም በቦታቸው እንደማይዘልቁ በለሆሳስ ያስታውሳል። ሐሪሰን ይህን አልበም ሲቀርጽ እናቱን በሐምሌ ወር በሞት አጥቷል፤ የልጅነት ጓደኞቹም በሕግ ጠበቆች በኩል መነጋገር ጀምረው ነበር። ስለዚህ «ሁሉም ያልፋል» ማለቱ ካርድ ላይ እንደሚጻፍ ማጽናኛ አይደለም፤ ዋጋ የተከፈለበት ቃል ነው።

ከግጥሙ ይልቅ ግን እኔን የሚስበኝ ጊታሩ ነው። በቢትልስ ዘመን ሐሪሰን የተጠነቀቀ፥ ከልኩ የማያልፍ ተጫዋች ነበር። በ1969 ዓ. ም. መጨረሻ ላይ ግን ሌላ አጨዋወት መልመድ ያዘ። ይኸውም በግራ እጅ ጣት ላይ ከብርጭቆ ወይም ከብረት የተሠራ ቱቦ አጥልቆ በክሩ ላይ ማንሸራተት ነው። ጣት ክሩን ሲጫን ድምፁ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይዘላል፤ ቱቦው ሲንሸራተት ግን በደረጃዎቹ መካከል ያለውን ሁሉ እየነካ ያልፋል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ ሲያንሸራትት የሰማ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ሐሪሰን አስቀድሞ ከታላቁ የህንድ ሙዚቀኛ ከራቪ ሻንካር ዘንድ ሲታር ተምሮ ነበር። በሲታር ታላቅ ተጫዋች መሆን እንደማይችል ተረድቶ ቢተወውም ትምህርቱ ባክኖ አልቀረም፤ ድምፅን ማጐንበስና ማቃናት ከዚያ የተማረው ነገር በጊታሩ ገባ። ከዚህ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ብቻ ሲጫወት «ይህ ሐሪሰን ነው» ብሎ መለየት ተቻለ።

ጉድለቱንም መናገር ይገባል። ቀረጻውን ከሐሪሰን ጋር ያዘጋጀው ፊል ስፔክተር ብዙ ጊታር፥ ብዙ ከበሮና ብዙ ፒያኖ አንድ ላይ አስጩሆ በማስተጋባት መሸፈን ይወድ ነበር። በዚህ የተነሣ አንዳንዱ ዘፈን በጭጋግ ውስጥ እንደሚታይ ተራራ ነው። ሐሪሰን ራሱ በ2001 ዓ. ም. አልበሙ እንደገና ሲታተም ዘፈኖቹን ከዚያ ሁሉ ማስተጋባት ነጻ ለማውጣት ይመኝ እንደ ነበር ጽፏል። በ2021 ዓ. ም. ልጁ ዳኒ ከባለሙያ ጋር ሆኖ ድምፁን እንደ አዲስ አስተካክሎ አውጥቶታል። ሦስተኛው ሸክላ ደግሞ ጓደኛሞች ተሰብስበው እንደ መጣላቸው የተጫወቱት ነው፤ ያልሰማው ሰው ብዙ ቀረብኝ አይበል።

ፋይል የሌለው በጎ ሥራ

በኅዳር 1970 ዓ. ም. በዛሬዋ ባንግላዴሽ፥ በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን በምትባለው አገር፥ ከባድ ማዕበል ብዙ መቶ ሺህ ሰው ፈጀ። በተከታዩ ዓመት ጦርነት ተነሣ። ሚሊዮኖች ወደ ህንድ ተሰደዱ። የቤተ ሰቡ ዘር ከቤንጋል የሆነው ራቪ ሻንካር በነገሩ እጅግ አዝኖ ወዳጁን ሐሪሰንን እንዲረዳው ጠየቀው። ሐሪሰን ለአንድ ወር ከግማሽ ያህል ስልክ እየደወለ ሰው ለመነ፤ ነሐሴ 1 ቀን 1971 ዓ. ም. በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፥ በአንድ ቀን ከቀትር በኋላና ማታ፥ ሁለት ትርኢት ተደረገ። ወደ አርባ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተገኘ።

ሐሪሰን በመድረኩ ላይ ያደረገውን ማስተዋል ያስፈልጋል። በዚያን ወራት በዓለም ላይ ከሱ የበለጠ የተወደደ ሸክላ ያለው ዘፋኝ ጥቂት ነበር። ሆኖም ትርኢቱን የራሱ ማሞገሻ አላደረገውም። መጀመሪያ መድረኩን ለሻንካርና ለጓደኞቹ ለቀቀ፤ ሕዝቡም የማያውቀውን ሙዚቃ በጸጥታ እንዲያዳምጥ ለመነ። ሙዚቀኞቹ ክራቸውን አስተካክለው ሲጨርሱ ሕዝቡ ጨዋታው ያለቀ መስሎት አጨበጨበ፤ ሻንካርም ማስተካከሉን ይህን ያህል ከወደዳችሁ ሙዚቃውን ይበልጥ እንደምትወዱት ተስፋ አደርጋለሁ ሲል በትሕትና ቀለደባቸው። ከዚያ በኋላ ቢሊ ፕሬስተን፥ ሪንጎ ስታርና ሊየን ራስል በየተራቸው ዘፈኑ። ለብዙ ጊዜ ከሕዝብ ፊት ርቆ የቆየው ቦብ ዲላንም ወጣ፤ እሱ ሲዘፍን ሐሪሰን ከጐኑ ቆሞ አጃቢ ሆነ። ተራ የተነፈገ ሰው ተራ ሰጪ ሲሆን ያየን እዚህ ላይ ነው።

የመግቢያው ገንዘብ 243 ሺህ ያህል ዶላር ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ለዩኒሴፍ ተሰጠ። ከሸክላውና ከፊልሙ የሚገኘው ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ችግሩም በዚህ ላይ ተነሣ። ትርኢቱ የበጎ አድራጎት ሥራ መሆኑ አስቀድሞ በሕግ መንገድ ስላልተመዘገበ፥ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢዎች ገንዘቡን እንደ ማንኛውም ገቢ ቈጥረው ያዙት። ሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር ለብዙ ዓመታት በምርመራ ታግዶ ቆየ። የተራበው ሕፃን በሚጠብቅበት ጊዜ ገንዘቡ በመዝገብ ቤት ተቀመጠ ማለት ነው።

እኛ ወረቀት የምናገላብጥ ሰዎች ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ልብ ያለው ሰው ፋይል መክፈትንም እንዳይንቅ ነው፤ የቀረች አንዲት ማመልከቻ የአርባ ሺህ ሰው ቸርነት ልታስር ትችላለችና። ሁለተኛው፥ ፋይል የያዘውም ሰው ከወረቀቱ ጀርባ ማን እንደሚጠብቅ እንዳይረሳ ነው። ሐሪሰን ራሱ ትምህርቱን ቶሎ ተቀበለ። በ1973 ዓ. ም. በሕግ የቆመ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሥርቶ፥ በዚያው ዓመት ከወጣው «ሊቪንግ ኢን ዘ ማቴሪያል ወርልድ» ከተባለው አልበም የአብዛኞቹን ዘፈኖች የደራሲነት ገቢ ለድርጅቱ ሰጠ።

ይህ ትርኢት የከፈተው መንገድ እስከ አገራችንም ደርሷል። በ1977 ዓ. ም. በእኛ አቈጣጠር፥ ማለትም በሐምሌ 1985 በአውሮፓውያን፥ ለኢትዮጵያ ረሀብተኞች እርዳታ በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው «ላይቭ ኤድ» ትርኢት፥ ስመ ጥር ሙዚቀኞች በአንድ መድረክ ተሰብስበው ለተራበ ሕዝብ ገንዘብ የሚሰበስቡበትን ልማድ የወረሰው ከ1971ዱ የኒው ዮርክ መድረክ ነው።

«አይሆንም» የሚል ሲጠፋ

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ምስጋና ይመስላል። ነገር ግን ከ1973 ዓ. ም. በኋላ የሐሪሰን ሥራ እየቀዘቀዘ መሄዱን የማይናገር ሰው ለወዳጅነት ሲል እውነትን ይሸሽጋል።

በ1974 ዓ. ም. መጨረሻ ከራቪ ሻንካር ጋር በሰሜን አሜሪካ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ትርኢት አሳየ። አልበሙንና የጉዞውን ዝግጅት በአንድ ጊዜ ሲያጣድፍ ጉሮሮው ታመመ፤ ድምፁም ሻከረ። ሕዝቡ የቢትልስን ዘፈኖች ለመስማት መጥቶ ነበር፤ እሱ ግን ጥቂቶቹን ብቻ፥ እነሱንም ግጥማቸውን እየለዋወጠ ዘፈነ። ጋዜጦች በብርቱ ነቀፉት። ከዚያ በኋላ በ1991 ዓ. ም. ከክላፕተን ጋር በጃፓን ካሳያቸው አሥራ ሁለት ትርኢቶች በቀር ለጉብኝት አልወጣም።

በ1976 ዓ. ም. ደግሞ ሌላ መከራ ደረሰ። «ማይ ስዊት ሎርድ» የተባለው ዘፈን ዜማው ከዚያ በፊት ከወጣ «ሂ ኢዝ ሶ ፋይን» ከተባለ ዘፈን ተወስዷል ተብሎ ተከሶ ነበር። ራሳቸውም የሙዚቃ ደራሲ የነበሩት ዳኛ ሪቻርድ ኦወን፥ ሐሪሰን ሆን ብሎ አልሰረቀም፤ ነገር ግን ሳይታወቀው በአእምሮው የተቀመጠውን ዜማ ደግሞታል ሲሉ ፈረዱበት። ይባስ ብሎ የቀድሞ ሥራ አስኪያጁ አለን ክላይን የከሳሹን ኩባንያ መብት ገዝቶ ሙግቱን ቀጠለበት። ፍርድ ቤቱ ግን በ1981 ዓ. ም. ሥራ አስኪያጁ በደንበኛው ጉዳት እንዳያተርፍ ሲል ለመብቱ ከከፈለው 587 ሺህ ዶላር በላይ እንዳያገኝ ወሰነ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የመቀዝቀዙ ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። በቢትልስ ዘመን ለአንድ አልበም አንድ ወይም ሁለት ዘፈን ብቻ ይፈቀድለት ስለ ነበር፥ ሐሪሰን ከብዙው ጥቂቱን መርጦ፥ የተመረጠውንም አሽቶ ማቅረብ ግድ ነበረበት። ጥበቡ ያስመረረውን ያህል አጥርቶታል። ለብቻው ሲሆን «ይህኛው አይሆንም» የሚለው ጓደኛ አልነበረም። ጎተራው በ1970 ዓ. ም. ከተከፈተ በኋላ የየዓመቱን አዝመራ ወዲያው ማቅረብ ጀመረ፤ የየዓመቱ አዝመራ ደግሞ እኩል አይደለም። ስለዚህ ተቈጥቶ የወጣበት ጥብቅ ቤት ለካ በከፊል ጠቅሞት ኖሯል። ይህን የምለው አለቆች የወጣቱን ሐሳብ በመሳቢያ ቈልፈው ያስቀምጡ ለማለት አይደለም። አንድ ሰው ነጻ ሲወጣ የሚያሳጣውን ተቃዋሚ ራሱ ፈልጎ ማግኘት እንዳለበት ለማስገንዘብ ነው።

አምስቱ ወንድሞች

ሐሪሰንም ይህን ሳያውቀው አልቀረም። በ1978 ዓ. ም. አንድ የፊልም ኩባንያ «ላይፍ ኦፍ ብራያን» ለተባለ ቀልደኛ ፊልም የመደበውን ገንዘብ በድንገት ሲከለክል፥ ሐሪሰን ፊልሙን ለማየት ስለ ፈለገ ብቻ ቤቱን አስይዞ ወጪውን ቻለ። ፊልሙ በ1979 ዓ. ም. ሲወጣ ሃይማኖትን ይነካል ብለው የተቃወሙት ብዙ ነበሩ፤ ሆኖም ከዚያ የተነሣው «ሃንድሜድ ፊልምስ» የተባለው ኩባንያ ለእንግሊዝ ሲኒማ ለዓመታት መጠጊያ ሆነ። በ1980 ዓ. ም. በታኅሣሥ ወር ሌነን በኒው ዮርክ በጥይት ተገደለ። በተከታዩ ዓመት ሐሪሰን ለመታሰቢያው ዘፈን ሲያወጣ ሪንጎ ከበሮ መታለት፥ ማካርትኒም በድምፅ ተባበረው።

በ1987 ዓ. ም. የወጣው «ክላውድ ናይን» መልካም መመለሻው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ጄፍ ሊን የተባለ ሙዚቀኛ ተባባሪ አዘጋጅ ሆነለት፤ «ይህኛው ይሁን፥ ያኛው ይቅር» የሚል ጓደኛ ተገኘ ማለት ነው። «ጎት ማይ ማይንድ ሴት ኦን ዩ» የተባለው ዘፈን በጥር 1988 ዓ. ም. በአሜሪካ አንደኛ ወጣ።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን ከዚህ የተከተለው ነው። በዚያው ዓመት ለአንድ ትንሽ ሸክላ ጀርባ የሚሆን ተጨማሪ ዘፈን አስፈለገው። ሊንና ሮይ ኦርቢሰን አብረውት ነበሩ፤ ጊታሩ በቶም ፔቲ ቤት ስለ ነበረ ፔቲም ተጨመረ፤ የቀረጻ ክፍል የተገኘው ደግሞ በቦብ ዲላን ቤት ነው። ርእስ ሲጠፋ በጋራዡ ውስጥ በነበረ ሣጥን ላይ «በጥንቃቄ ያዝ» የሚል ጽሕፈት አዩ፤ የዘፈኑ ስም ያው «ሃንድል ዊዝ ኬር» ሆነ። የሸክላው ኩባንያ ሰዎች ሲሰሙት ይህ ለጀርባ የሚጣል አይደለም አሉ። አምስቱም ተሰባስበው አንድ ሙሉ አልበም ሠሩ።

የማኅበሩ ስም «ትራቬሊንግ ዊልበሪስ» ተባለ። በሽፋኑ ላይ የአምስቱም ዝነኛ ስም አልተጻፈም፤ ሁሉም የአንድ አባት ልጆች እንደሆኑ በፈጠራ ስም ተጠሩ፤ ሐሪሰን ኔልሰን ዊልበሪ ሆነ። እንግዲህ አስቡት። በዓለም ከታወቀው ማኅበር የወጣ ሰው፥ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ የመሠረተው ማኅበር ስም የሚደበቅበትና ታላቅና ታናሽ የሌለበት ነው። ዘፈኑን ስትሰሙት አንዱ አንድ ስንኝ ይዘፍናል፥ ሌላው ይቀበላል፤ የሮይ ኦርቢሰን ከፍ ያለ ድምፅ የሚገባበት ቦታ ተጠብቆለታል፥ ዲላን በሻካራ ድምፁ የሚያልፍበትም እንዲሁ። አልበሙ በጥቅምት ወጣ፤ ኦርቢሰን በታኅሣሥ ሞተ። ቀጥሎ በተቀረጸው የዘፈን ፊልም ውስጥ የኦርቢሰን ተራ ሲደርስ ጊታሩን የያዘ ባዶ ወንበር ሲወዛወዝ ይታያል። ለሞተው ጓደኛ እንኳ ተራው አልተወሰደበትም።

የታለፈው ዘፈን

ሐሪሰን በሄንሊ ከተማ አጠገብ በነበረው ሰፊ ግቢው ውስጥ አትክልት መኰትኰት ይወድ ነበር፤ በ1980 ዓ. ም. ያሳተመውን መጽሐፍም መታሰቢያነቱን በየስፍራው ላሉ አትክልተኞች ሰጥቷል። በ1999 ዓ. ም. መጨረሻ አንድ ሰው ሌሊት ቤቱ ገብቶ በጩቤ ክፉኛ አቈሰለው፤ ከዚያ ዳነ። ካንሰር ግን አልለቀቀውም። ኅዳር 29 ቀን 2001 ዓ. ም. በሎስ አንጀለስ በ58 ዓመቱ ዐረፈ። ሳይጨርሳቸው የቀሩትን ዘፈኖች ልጁ ዳኒና ጄፍ ሊን ጨርሰው በ2002 ዓ. ም. «ብሬይንዎሽድ» በሚል ስም አወጡለት። በዚያ ውስጥ «ማርዋ ብሉዝ» የተባለ ግጥም የሌለው ጨዋታ አለ። የሚሰማው ያ ተንሸራታች ጊታሩ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጣራ ድምፅ ነው። ሐሪሰንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ተማሪ ከዚህች ቢጀምር፥ ቀጥሎ ወደ 1970ው አልበም ቢመለስ፥ ከዚያም ዊልበሪዎችን ቢጨምር፥ የሰውየውን መንገድ ያገኘዋል። መካከለኛዎቹ አልበሞች ሊቈዩ ይችላሉ።

በሞተ በዓመቱ፥ ኅዳር 29 ቀን 2002 ዓ. ም.፥ ጓደኞቹ በለንደን በሮያል አልበርት አዳራሽ ለመታሰቢያው ትርኢት አደረጉ። ክላፕተን ሙዚቃውን መራ፤ ራቪ ሻንካር ለወዳጁ የተለየ ድርሰት አዘጋጀ፤ ሪንጎ ዘፈነ። በዚያች ምሽት «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ»ን የዘፈነው ፖል ማካርትኒ ነው። በጥር 1969 ዓ. ም. አራቱ ሞክረው የተዉት ዘፈን ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆይቶ፥ ደራሲው በሌለበት፥ በዚያው ልምምድ ላይ በነበረው ጓደኛው አፍ ተዘፈነ።

ለዚህ ነው ሐሪሰን ከቢትልስ በኋላ የሠራውን «ከዚያ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ መመዘን የማይጠቅመን። ከቢትልስ የሚበልጥ ቢኖር አንድ አልበም ነው፤ እሱም ቢሆን ያከራክራል። የሚጠቅመን፥ ተራው በዘገየበት ጊዜ እጁን አጣጥፎ አለመቀመጡን፥ ተራው በደረሰ ጊዜም ወንበሩን ለሌሎች ማስፋቱን ማየት ነው። ዛሬ በጠረጴዛ ጥግ የተቀመጠ ወጣት ነገ መካከል ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ በጥጉ ላይ የሚቀመጥ ሌላ ልጅ ይኖራል፤ በመሳቢያውም አንድ የታለፈ ሐሳብ አይታጣም።